ማን ዘንድ አስመሰከርህ?

ለነፋስ መውጫ ስም ያወጣላት ሰው ከተማዋን በደንብ ያውቃታል። ላይ ጋይንት ሄዶ ጋቢ ሳይደርብ ያመሸ ካለ ይንገረኝ። እንዲህ ባለ አገር «ሙቀት አስቸገረኝ» የሚል ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የእህቴ ልጅ እዚያ አንዲት የጽሕፈት ቤት አለችው፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል። ከዓመታት በፊት ለጥምቀት ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ኮምፒውተር ትንሽ ሠርቶ ራሱ ድርግም ይላል» አለኝ። እኛ ሲፒዩ የምንለውን ቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩት። አቧራው ጉድ ነው! ሙቀት የምታስወጣዋ ፋን ቀጥ ብላለች። አገሩ የፈለገውን ያህል ቢበርድ፣ ሳጥኑ የራሱ ነፋስ መውጫ ከሌለው ውስጡ ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

አዲስ ፋን ከባሕር ዳር እስኪመጣ ደንበኛ አይጠብቅም። ጥግ ላይ የተቃጠለ ስታብላይዘር አየሁ፤ ፋኑ ደኅና ነው። ችግሩ የኮምፒውተሩ ፋን የሚሠራው በ12 ቮልት ሲሆን፣ ይኼኛው የሚፈልገው የግድግዳውን 220 ቮልት መሆኑ ነው። «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አልኩ። ሽቦ በሳጥኑ ቀዳዳ አስገብቼ፣ መገጣጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በአንደኛው ሽቦ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አደረግሁለት። ፋኑ ተሽከረከረ። እህቴ «ወንድም ዓለም፣ እጅህ ይባረክ!» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አዲስ አበባ ገባሁ።

ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ልጁን ኮረንቲ ይዞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ፋኑንም በማጥፊያው አጥፍቶ፣ መቆሙን በዓይኑ አይቶ ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ሊወለውል ይነካዋል። ለካ ስፒናው ተነቅሎ ሲመለስ ተገልብጦ ገብቷል። የእኛ ባለ ሁለት እግር ስፒና በፈለግነው በኩል ይገባልና፣ የእኔ ማጥፊያ ፌዙን ትቶ ኑትራሉን መቁረጥ ጀምሯል። ፋኑ ቆሟል፤ ኮረንቲው ግን ሽቦው ውስጥ እንዳለ ነው። ሽቦውም በቀዳዳው ስለት ተፍቆ ቆርቆሮውን ነክቷል። ቤቱ የመሬት መስመር የለውም፤ ስለዚህ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚሄድበትን መንገድ አገኘ፦ ልጁን። አወራጭቶ ስለጣለው ተረፈ። ይዞ ቢያስቀረውስ ኖሮ?

ኮምፒውተር የሠሩት ሰዎች 220ውን ፓወር ሰፕላይ በሚባል የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያሰሩት ወደው አይደለም። ከዚያ ወጥቶ ለቀረው ዕቃ የሚታደለው 12 ቮልትና ከዚያ በታች ነው፤ ሰው ቢነካው አይገድልም። እኔ የታሰረውን ፈትቼ በቤቱ ለቀቅሁት።

በነጋታው ተሳፍሬ ሄድኩ። ልጁ መዳፉ ተጠቅልሎ «ምንም አልሆንኩም ጋሼ» ይለኛል፤ ያባሰብኝ እሱ ነው። እህቴ ምንም አላለችኝም። የተናገሩት አባታችን ናቸው።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። ድጓን ከተማሩ በኋላ ቤተ ልሔም ወርደው ያስመሰከሩ። ለማታውቁት፣ እዚያው በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪ ሌላ ቦታ የቱንም ያህል ዓመት ቢማር፣ እዚያ መምህር ፊት ቀርቦ ዜማውን ከነምልክቱ አስመርምሮ ነው «መምህር» ለመባል የሚበቃው። አንድ ምልክት ስቶ ቢያዜም ሰው አይሞትም። ግን ስሕተቱ ለደቀ መዝሙር፣ ከደቀ መዝሙርም ለደቀ መዝሙር ይተላለፋል ተብሎ ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ይደረጋል።

እኛ ከተሜዎቹስ? ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሽቦ ሲቀጥል «የት ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ፋኑ ከዞረ፣ አምፖሉ ከበራ ይበቃናል። መብራቱ መብራቱን እንጂ ማጥፊያው የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ ማን ያያል?

ፋኑን ነቅዬ ይዤው የሄድኩትን ባለ 12 ቮልት ገጠምኩ። የመሬት መስመሩን ግን አልነካሁም፤ ሙያው ያለው ሰው ተጠርቶ ዘረጋው። አባቴ በሩ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይኼን የኮረንቲ ነገር ማን ዘንድ ነው ያስመሰከርኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተስ?