ከጨፋ ሮቢት ላይ ዘር ቆጠራ
ወደ ደሴ ሲጓዙ ጨፋ ሮቢት ላይ ቆም ይበሉ። በበጋ የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት የቦርከናን ረግረግ ሣር ፍለጋ እዚህ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ዘር የሚቆጥሩት በአባት ነው። ልጆች ለመንገድ ጨዋታ የወሎን መሳፍንት ይቁጠሩ።

ኢማም መሐመድ አሊ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። በ1906 ዓ.ም. ነገሡ። ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን የማያውቅ የለም። ሴት ልጃቸው ወይዘሮ ስኂንስ? የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በአባት ብቻ የሚቆጥር ሰው «መነን አስፋው» ብሎ አምባሰል ይቀራል፤ መሐመድ አሊ ዘንድ አይደርስም። (ደሴ በስኂን ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ፤ ለልጆቹ ያሳዩ።)

መኪናው ውስጥ አያት ካሉ፣ ከሚሴ እስኪደርሱ የእናታቸውን ወገን ያስቆጥሯቸው።