ለባሕር ሆድ የሚሆን ፊልም

ባሕር ቀለም ይበላል። አስቀድሞ የሚበላው ቀዩን ነው። 5 ሜትር ያህል ዝቅ ሲሉ ቀዩ ይደበዝዛል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ተራ በተራ ይከተሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ነው። ጠላቂ 20 ሜትር ላይ ጣቱን ድንጋይ ቢቧጥጠው ደሙ እንኳ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል።

ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፤ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከተማይቱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ የወጣው በለበሰው ልብስ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ሁሉ እዚያው ቀሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ግላኮማ ዓይኑን ከዳር ወደ መሐል እየሸረፈበት ነው። የጠፋው እይታ እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮታል። ዐምና ታዲያ፣ «የባሕሩን ሆድ አንድ ጊዜ በፎቶ ባየሁት» አለኝ። እኔ ጅቡቲ በትራንዚት ሥራ የምኖር ሰው ነኝ፤ ባሕሩ ደጄ ነው። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ዲጂታል አይሻልም ወይ? ለብዙ ሰው ይሻላል። የአባቴ ዓይን ግን የስክሪን ብርሃን አይችልም፤ የሚያየው በመስኮት ብርሃን፣ ወረቀት በእጁ ይዞ ነው። በዚያ ላይ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ ጎረቤቴ ያገለገለ ኒኮኖስ 5 በርካሽ ሸጠልኝ። ይህ የካሜራ ዘር ኩስቶ ካሠራው ካሊፕሶ የተወለደ ሲሆን፣ ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2001 ሲያመርተው ኖሯል። መከለያ ሳጥን ሳያሻው እስከ 50 ሜትር ይጠልቃል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ርቀቱን በዓይን ገምቶ ሌንሱን መሙላት የሰውየው ፈንታ ነው። ደግነቱ ውሃ ነገሩን ሁሉ በሩብ ያህል አቅርቦ ሲያሳይ ዓይንና ሌንስ አብረው ይታለላሉ፤ ስለዚህ የታየውን ርቀት እንዳለ መሙላት ነው።

ውሃ ውስጥ ክዳን ከፍቶ ፊልም መለወጥ የለም። 36 ምት ይዘው ይወርዳሉ፣ በዚያው ይወጣሉ። ምርጫው መሬት ላይ ያልቃል ማለት ነው።

የመጽሔት ፎቶዎች የሚያጓጉት በስላይድ ነው። በቬልቪያ 50 የተነሳ ሰማያዊ ውሃ አይቶ ያልተመኘ የለም። በኮዳክሮም አንድ ሙሉ የባሕር ፎቶ አንሺ ትውልድ ሠርቶበታል፤ እርሱ እንኳ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆሟል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቅሎች ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ በተባለች ከተማ ታጥበው አልቀዋል። ኤክታክሮም ግን በ2018 ተመልሷል። ሆኖም ስላይድ ለጀማሪ ምሕረት የለውም። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ቢስቱ ወይ ይነጣል ወይ ይጠቁራል። ደግሞስ አባቴ ፕሮጀክተር ከየት ያመጣል?

ስለዚህ የቀለም ኔጋቲቭ፣ ያውም 400። አባቴ የፊልሙን ፍጥነት እስከ ዛሬ በድሮው ስም «አሳ» ይለዋል። ቁጥሩን በስልክ ስነግረው፣ «ለአንድ ዓሣ 400 አሳ!» ብሎ ሳቀ።

ምክንያቴ ግን ቀልድ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ፣ በጠራ ውሃ፣ 9 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከላይኛው ስምንት እጅ አንዱ ያህል ነው። በ1/125 ሰከንድ ለማንሳት 50 ፊልም የጫነ ሰው ዲያፍራሙን 4 ላይ ሊከፍት ይገደዳል፤ 100 የጫነ 5.6 ላይ፤ 400 የጫነ ግን እስከ 11 ድረስ ሊያጠበው ይችላል። ዲያፍራም በጠበበ ቁጥር ከፊትም ከኋላም ያለው አብሮ ይጠራል፤ ርቀት በግምት ለሚሞላ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋም አለው፤ 400 በጣም ሲያሳድጉት ፍሬ ፍሬ ይላል። እኔ ፍሬውን ከብዥታው መርጫለሁ። ሌላ ሰው ሌላ ይል ይሆናል።

ቀዩን ግን ፊልም አይመልሰውም። ፊልሙ ላይ ያልደረሰ ብርሃን በማተሚያ ቤት አይፈጠርም። መድኃኒቱ ፍላሽ ነው፤ እርሱም ከቅርብ ብቻ ይሠራል። ጅቡቲ ደግሞ ዓሣ ነባሪ የሚያክለው ሻርክ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት ወራት ውሃው እንስሳው በሚመገበው ደቃቅ ነፍሳት ይሞላል፤ ፍላሽ ሲበራ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ በረዶ ያበራል። ስለዚህ ፍላሹን ትቼ ከሙሻ ደሴት ዳር ከ5 ሜትር በላይ ቆየሁ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን።

በዚያ ሙቀት ፊልም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ላብ እንዳይዘው ከማሸጊያው ሳያወጡ አንድ ሁለት ሰዓት መታገሥ ይገባል። ሊታጠብ ወደ ፓሪስ በሰው እጅ ስልከው የጨነቀኝ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉና በእጅ እንዲፈተሽ እንዲለምን ወዳጄን ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅሁት። ተሳክቶለታል።

አባቴ ሰፋፊዎቹን ወረቀቶች መስኮቱ ሥር አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አንዱን ዝም ብሎ ለብቻ አስቀመጠና፣

«ስንት ሜትር ነበርህ?»

«አራት፣ አባዬ።»

«ጨዋታው ከዚያ በታች ነው። ፍላሽ ግዛ።»

ፍላሽ ካለ 100 ይበቃል፤ ፍሬውም ይቀንሳል። ሦስት ጥቅል አዝዣለሁ፤ ውሃው እስኪጠራ እየጠበቅሁ ነው።