ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ዜንዳያን ለዓመታት ንቀናት ነበር። እሷ ከ2010 እስከ 2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በዲስኒ ቻናሉ «ሼክ ኢት አፕ» ላይ ስትጨፍር፣ እኛ ሪሞቱን ከታናናሾቻችን ለመንጠቅ እንታገል ነበር። የልጆች ነገር! ትንሽ ትጨፍራለች፣ ትንሽ ትዘፍናለች፣ ከዚያ ታድግና ትረሳለች። የስንቶቹ መጨረሻ እንዲያ ነበር?

ከዚያ ሴፕቴምበር 2020 መጣ። በኮቪድ ምክንያት የኤሚ ሽልማት በየዕጩዎቹ ሳሎን ሲካሄድ፣ በድራማ ዘርፍ የምርጥ መሪ ተዋናይት አሸናፊ ተብላ ዜንዳያ ተጠራች። ያሸነፈችው «ዩፎሪያ» ላይ ሩ የተባለችውን ከሱስ ጋር የምትታገል ልጅ ሆና በመጫወቷ ነው። ዕድሜዋ 24። በዚያ ዘርፍ ከእሷ በፊት እንዲህ ልጅ ሆኖ ያሸነፈ አልነበረም። እርስ በርስ ተያየን። «ያቺ የዲስኒዋ?»

አዎ፣ ያቺው። ታዲያ ምን አምልጦን ነው ብለን ወደ ኋላ ሄድን።

ልጅቷ የኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ መምህራን ልጅ ናት። እናቷ በክረምት ትሠራበት በነበረው የሼክስፒር ቲያትር ቤት ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው እየመራች ነው መድረክን የለመደችው። ዲስኒ ሁለተኛ ሾው ሲያቀርብላት ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነበረች። እኛ ብንሆን እጅ ነስተን እንፈርም ነበር። እሷ ግን ጥያቄዋን ደረደረች። ፕሮዲውሰር ልሁን። ገጸ ባሕሪዋ አትዝፈን፣ አትጨፍር፣ ሌላ ሙያ ይኑራት። ሾው ላይ የጥቁር ቤተሰብ ይታይ። የታሰበው ስምም አልወደድኩትም፣ ይቀየር። በ2015 የጀመረው «ኬ.ሲ. አንደርከቨር» ላይ ያየናት ሒሳብ የምታውቅ፣ ካራቴ የምትችል ሰላይ የተወለደችው እንዲህ ነው። በኋላም ለነጭ ተዋንያን ተብለው ለተጻፉ ቦታዎች ጭምር ለፈተና ላኩኝ ትል ጀመር።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለ? ጽሑፋችንን እዚህ ላይ «እናንተም ጠይቁ!» ብለን ልንዘጋው ነበር። ያበላሸችብን ራሷ ዜንዳያ ናት።

በ2018 አንድ መድረክ ላይ፣ ቀላ ያለ ቆዳዋ እንደጠቀማት በግልጽ ተናገረች። ሆሊውድ ጥቁር ሴትን ሲቀበል እንደ እሷ ዓይነቷን መርጦ ነው፤ ይህም መለወጥ አለበት አለች። አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቷ ነጭ ናት። ይህን ሳትናገር ብታልፈው ማንም አይጠይቃትም ነበር።

እኛን ግን አሳሰበን። ከመካከላችን አንዷ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቃ ነበር። በዚያው ወር አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅም ጠየቀ። እሱ «ቆራጥ» ተባለ፣ ተጨመረለት። እሷ «ደፋር» ተባለች፣ ደመወዟም ባለበት ቀረ። ደፋር የሚለው ቃል ለሴት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሁለቱም ግን ተናግረዋል።

ዜንዳያ በ2022 ሁለተኛውን ኤሚ ወሰደች፤ በዚያ ዘርፍ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ሆነች። በ2024 «ቻሌንጀርስ» ፊልም ላይ ዋና ተዋናይትም ፕሮዲውሰርም ነበረች። ሥራዋን አሁን በጣም እንወደዋለን። የበለጠ የምናከብራት ግን በሩ ከተከፈተላት በኋላ፣ በሩ ለምን እንደተከፈተላት በመናገሯ ነው።

እና አባቶቻችን ይቅር ይበሉንና ተረቱ ላይ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፤ ካልተናገሩስ ይቀራል፣ ተናግረው የቀረባቸውንስ ማን ይቁጠራቸው?

ሪሞቱን ለታናናሾቻችን መልሰናል። ቸር እንሰንብት።