ስለ ቦቢ ማሳከክ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት አጋማሽ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጆቹ ስምዎን ሳያነሱ አይውሉም።

ባለፈው ስለ ውሻዎ ስለ ቦቢ ሲነግሩኝ ድምፅዎ ልክ አልነበረም። ጎረቤቶች «እከክ ነው፣ ወደ ልጆቻችን ሳይጋባ አስወግዱት» ማለታቸው ምን ያህል እንዳሳዘነዎት ገብቶኛል። እማማ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ከእርስዎ ጋር የሚያመሽ እሱ መሆኑን ስለማውቅ እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር ያወቅኩትንም፣ እዚህ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ የማየውንም አንድ ላይ አድርጌ ጻፍኩልዎ። አባባ፣ ቦቢን ማንም አያስወስድብዎ። ማሳከክ ውሻ የሚያስጥል ነገር አይደለም።

ማሳከክ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ትኩሳት የወባም የጉንፋንም ምልክት እንደሚሆን ሁሉ፣ እሱም ከብዙ ነገር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉን ጠብቆ አንድ በአንድ ማጣራት ነው። ሰዎች የሚደክማቸው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሞክረው የትኛው እንደሠራ ሳያውቁ ሲቀሩ ነው።

ጎረቤቶች የሚሉት እከክ በዓይን ከማትታይ፣ ቆዳ እየፈለፈለች ከምትገባ ተባይ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርንና ከሆድ ሥር ነው፤ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይቀረፋል። ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ውሻውን ያቀፈ ሰው ክንዱ ወይም ሆዱ ላይ ሽፍ ሊልበት ይችላል። ሆኖም የውሻው ተባይ ሰው ላይ ስለማትራባ ውሻው ሲታከም የሰውየውም ይጠፋል። እዚያ ከእርስዎ ጋር ያለው ዳዊት በላከልኝ ቪዲዮ ላይ ግን የቦቢ ጆሮ ጠርዝ ንጹሕ ነው። እሱ የሚያኝከው የጭራውን ሥርና የኋላ ጭኑን ነው፤ ከዚያም የፊት እግሩን ይልሳል። ይህ ወደ አለርጂ ያደላል። በቪዲዮ መፍረድ ስለማይቻል ግን ሐኪም ቆዳውን ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ይይለት። ተባይዋ ብትኖርም አንዳንዴ በፍቅፋቂው ላይ አትገኝም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሐኪሞች ባያገኟትም ከጠረጠሩ ውሻውን የሚያክሙት።

ከሁሉ በፊት ቁንጫን ያጣሩ። ጥርሱ የጠበበ ሚዶ ይፈልጉና የጭራውን ሥር ጠጉር እስከ ቆዳው ድረስ ያበጥሩለት። ሚዶው ላይ የቀረውን ጥቁር ብናኝ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፈው ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡበት። አፈር ከሆነ አፈር እንደሆነ ይቀራል። ዙሪያውን ቀላ ወዳለ ቡናማ እየፈታ ከሄደ ግን የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ቁንጫዋ መጥጣ ያስወጣችው የቦቢ ደም ነው። ቁንጫዋን ራሷን ባያዩዋት አይገረሙ። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበትን ውሻ ጥቂት ንክሻ ለቀናት ሲያሳክከው ይሰነብታል፤ እሱም እየላሰና እያኘከ ማስረጃውን ይውጠዋል። «ቁንጫ አላየሁበትም» የሚል ሰው ክሊኒካችን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምናደርገው ይህንኑ የሶፍት ነገር ነው።

ውሻው ላይ የሚገኘው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ይባላል። የቀረው እንቁላል፣ እጭና ድር ውስጥ የተጠቀለለ ሙሽሬ ሆኖ በሚተኛበት ጆንያ፣ በበረንዳው ስንጥቅና በሶፋው ሥር ነው ያለው። ሙሽሬው ለወራት ሳይፈለፈል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቦቢን አንድ ጊዜ አክሞ ማቆም ዋጋ የለውም፤ ቢያንስ ለ3 ወር ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። ጆንያውን ይጣሉትና በምትኩ የሚታጠብ ብርድ ልብስ ያንጥፉለት፤ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይም ይሰጣ። ቤት ያለችው ድመትም አብራ ትታከም። ብቻ አደራ፣ ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ድመቷ ላይ እንዳያደርጉ፤ ይገድላታል።

ለቁንጫ በየወሩ ወይም በየ3 ወሩ የሚዋጡ እንደ አፎክሶላነርና ፍሉራላነር ያሉ ክኒኖች አሉ። የእከኳንም ተባይ ስለሚገድሉ የጎረቤቶችን ስጋት አብረው ያነሱልዎታል። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ቦቢ ግን እንደዚያ ዓይነት ነገር ታይቶበት አያውቅም። እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ካላገኙ ይንገሩኝ።

የሚቀጥለውን ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ናፍጣ፣ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ማንም ቢመክርዎ ቦቢን እንዳይቀቡት። ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ነጭ ሽንኩርት ለቁንጫ ይሆናል የሚሉትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን በግምት መስጠትም አደገኛ ነው። እንደ ኮሊ ባሉ አንዳንድ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ላይ መድኃኒቱን ከአንጎላቸው የሚከላከለው ጂን ብዙ ጊዜ ጉድለት አለበት፤ ይህ የታወቀው በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እነዚህን ውሾች መጠኑ ከፍ ያለ አይቨርሜክቲን ሊገድላቸው ይችላል። የቦቢ ዘር ከየት እንደተቀላቀለ ደግሞ እኔም እርስዎም አናውቅም።

ሲታከክ የቆየ ቆዳ ይቆስላል፤ ባክቴሪያና ፈንገስም ይገባበታል። ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው ያሉኝ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ ስኮች ቆዳው ላይ ለጥፎ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ በማይክሮስኮፕ ቢያይ በደቂቃዎች ውስጥ ይለየዋል። ይህን ሳያይ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ሲል «እስቲ መጀመሪያ ይታይልኝ» ይበሉት፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ቁስሉ ከላይ ብቻ ከሆነ ክሎርሄክሲዲን ያለበት የውሻ ሻምፑ ብቻውን ብዙ ይሠራል። ዳዊት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ ይጠበው፤ አረፋው ግን ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ በሰዓት ይያዝ። ወዲያው ካለቀለቁት መድኃኒቱ ሳይሠራ ይወርዳል። በእኛ ሳሙና ግን አይታጠብ። የሰው ቆዳ አሲድነት አለው፤ የውሻው ከዚያ ይለያል፣ በልብስ ሳሙና ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ልብ እንደሚፈተን አውቃለሁ። ምግብ የማይስማማቸውን ውሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግሯቸው የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ውሻው ለዓመታት ሲበላው የኖረው ነገር አንድ ቀን ሊያሳክከው ይችላል፤ «ሁሌም ይበላዋል» የሚለው ነጻ አያወጣውም። በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል ቢሉዎት ገንዘብዎን አያውጡ፤ ለምግብ አለርጂ የሚታመን አይደለም። መንገዱ አንድ ነው፦ ቦቢ በልቶት የማያውቀውን ብቻ ለ8 ሳምንት መስጠት። ዓሣ አልቀመሰም ብለውኛል፤ እንግዲያው እሾሁ በደንብ የወጣለት ዓሣና ስኳር ድንች ይቀቀልለት፤ ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ የሌለበት። ለጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ለዚያን ያህል ጊዜ ይበቃዋል፤ ለሁልጊዜ ግን የተሟላ ምግብ አይደለም። በእነዚህ ሳምንታት ከእርስዎ ማዕድ ጉርሻ የለም፤ ከእንግዳም፣ ከሠራተኛዋም፣ ከጥበቃውም እጅ እንዲሁ። አንዲት ቁራጭ ሥጋ ልፋቱን ሁሉ መና ታስቀረዋለች። ማሳከኩ ከቀነሰ የበሬ ሥጋውን መልሰው ይስጡት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገረሸበት ጠላቱ ታወቀ ማለት ነው። ይህን ግን ቁንጫውና ቁስሉ መስመር ከያዙ በኋላ ይጀምሩ፤ አለዚያ ምኑ እንዳሻለው አይለይም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እግሩን መላሱን ካልተወ፣ አቧራ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተባዮች፣ የሣርና የአበባ ብናኝ ወይም ሻጋታ የሚያስነሳው አለርጂ ነው። ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ቦቢ ደግሞ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ነው ያለፈው። ነጩ እግሩ ጣቶቹ መሐል የዛገ መምሰሉም ቆሻሻ አይደለም፤ የምራቁ ቀለም ነው፣ ብዙ እንደላሰው ያሳያል። ይህ ዓይነቱ ጨርሶ አይድንም። ጨርሶ ይድናል የሚልዎትን አይመኑት። ግን ይያዛል፤ ተይዞም ውሻው ዕድሜውን ሙሉ በደስታ ይኖራል።

ለማሳከክ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያስታግሳል። ግን ውኃ ያስጠጣዋል፣ ሽንቱን ያበዛዋል፣ ያስርበዋል፤ ሲቆይበትም ጉበቱንና ጡንቻውን ይጎዳል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ፣ በትንሽ መጠን ይወሰድ፤ ሲቆምም በአንዴ ሳይሆን እየተቀነሰ። እዚህ እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ኦክላሲቲኒብ የሚባል ክኒን አለ፤ በሰዓታት ውስጥ ማሳከኩን ያበርደዋል። በየ4 እስከ 8 ሳምንት የሚወጋ ሎኪቬትማብ የሚባልም አለ፤ እሱ ግን ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መጓጓዝ ስላለበት በሰው እጅ ልልክልዎ አልደፍርም። የራስዎን የአለርጂ ክኒን እንዳይሰጡት። ለውሻ ማሳከክ እምብዛም አይሠራም፤ ከጉንፋን መድኃኒት ጋር የተቀላቀለው ደግሞ ልቡን ያውከዋል። ከሣር ላይ ሲመለስ እግሩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ጣቶቹን መሐል ማድረቅ ግን ምንም አያስወጣዎትም።

አሁን የምፈልገው ክብደቱን ነው፤ ክኒኑ የሚመጠነው በኪሎ ነው። ዳዊት መጀመሪያ ብቻውን ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ቦቢን ታቅፎ ይውጣና ልዩነቱን ይላክልኝ። እርስዎ እንዳያነሱት፣ ለጉልበትዎ አይሆንም። የጆሮውን ውስጥና የሆዱን ፎቶም አብሮ ይላክ። ክሊኒክ የሚሄዱበትን ቀን ሲቆርጡ ይደውሉልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ስልኩን ከፍቼ እጠብቃለሁ፣ ከሐኪሙም ጋር እነጋገራለሁ።

የምትወድዎትና የምትናፍቅዎት ልጅዎ