የደበዘዘው የሠርግ ፎቶ

ሆሳዕና ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ፣ የሠርጋችን ፎቶ ተሰቅሏል። በ1997 ዓ.ም. የተነሣነው ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እንግዳ ትክ ብላ አየችውና “እኅቴ፣ ሙሽሪት ማን ናት?” ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ደነገጠ።

በማግሥቱ ፎቶውን ወደ ፎቶ ቤት ወሰድሁት። ባለሙያው በትዕግሥት አስረዳኝ። በፊልም ዘመን የታጠበ ባለ ቀለም ፎቶ የሚታየው በቢጫ፣ በሐምራዊና በሰማያዊ ኬሚካላዊ ቀለሞች ነው፤ ብርሃን ዘወትር ሲያርፍባቸው ይፈርሳሉ። ሁሉም እኩል ስለማይጠፉ የሰው መልክ ይለወጣል። እናቴ በልጅነቷ ዱራሜ የተነሣችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ምስሉ የተሠራው ከብር ማዕድን ብናኝ ስለሆነ ይበልጥ ይቆያል።

“በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ነው” አለኝ።

ይህ ቃል ልቤን ነካው። ትዳራችንም እንዲሁ ነበር። ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ሺንሺቾና ወደ ሆመቾ ይመላለሳል፤ እኔ ከእኅቶች ኅብረት አልጠፋም። ቤት ስንገናኝ ወሬያችን የልጆች ክፍያና የወፍጮ ቤት ጉዳይ ነው። አብረን ከጸለይን ስድስት ወር አልፎን ነበር። እሑድ እሑድ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠን ለምእመናን ፈገግ እንላለን።

ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 3 ላይ ሙሴ ፊቱን በመጋረጃ እንደ ሸፈነ ይነግረናል፤ እስራኤል የሚያልፈውን ክብር መጨረሻ እንዳያዩ ነው። ይህን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አጥንቼዋለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። የእኔ መጋረጃ ምን እንደ ሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። መጋረጃዬ ያ የእሑድ ፈገግታ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ “ደብዝዘናል እኮ” አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ቀጥሎም “እኔም ደክሞኛል። የሰው ሁሉ ሸክም ሲነገረኝ ይውላል፤ የራሴን ለማን ልንገር?” አለኝና አለቀሰ። ለካ እኔም አልጠየቅሁትም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን።

ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ተስተካከለ አልልም። ሰኞ ማታን ግን ለሁለታችን ለይተናል፤ ስልክም ይዘጋል። ጳውሎስ በምዕራፍ 4 ላይ የውጭ ሰውነታችን ቢጠፋም የውስጡ ዕለት ዕለት እንደሚታደስ ይናገራል። የደበዘዘው በየቀኑ ከሆነ የሚታደሰውም በየቀኑ ነው።

ባለሙያው “ኔጋቲቩ ካለ እንደ ገና ይታጠባል” ብሎኝ ነበር። ፈለግሁት፤ ከሠርግ አልበማችን ኪስ ውስጥ፣ ብርሃን ሳይነካው፣ ተቀምጦ አገኘሁት። በጌታ ፊት የገባነው ቃል ኪዳንም እንዲሁ አልጠፋም።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ የእናንተስ መጋረጃ ምንድን ነው? ዛሬ ማታ ግለጡት። ጌታ ቤታችሁን ያድስ።