የዳገት ሂሳብ

ብስክሌት የሚነዳ ሰው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄድኩ? ስንት ሜትርስ ወጣሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለሽርሽር ለሚነዳ ጥያቄው ጨዋታ ነው። በዚህ ካምፕ ዱቄትና ማገዶ በብስክሌት እያመላለስን ለምናድር ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዕቃ የሚያስጭነን ሰው የሚከፍለን በኪሎ ሜትር ብቻ ነውና። ስለ ዳገቱ ስናነሣበት «መነሻውና መድረሻው እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ የምን ዳገት ነው?» ይለናል። እንግዲህ በወሬ ከመከራከር መለካት ይሻላል ብለን ተነሣን። አለካካችን ይኸው።

ርቀትን የሚለካው ቸርኬው ራሱ ነው። ጎማው በደንብ ተነፍቶ፣ ነጂውም ጭነቱም እንደተቀመጡ፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ዐሥር ዙር ቀጥ ብሎ ከተነዳ በኋላ ርዝመቱ በሜትር ተለክቶ ለዐሥር ይካፈላል። የእኔ ባለ 28 ጎማ ባዶውን ሲገፋ 2 ሜትር ከ22 ሳንቲም፣ ሲጫን ግን 2 ሜትር ከ20 ሳንቲም ሆነ። ሁለት ሳንቲም ምን ታመጣለች አትበሉ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ 900 ሜትር ያህል ታሳስታለች።

«ዳገት መንገዱን ያረዝመዋል» የሚሉ አሉ። በየመቶ ሜትሩ ስድስት ሜትር የሚወጣ ብርቱ ዳገት እንኳ አንዱን ኪሎ ሜትር የሚያስረዝመው ሁለት ሜትር በማይሞላ ነው። የሚያደክመው ከፍታው ስለሆነ ለብቻው መለካት አለበት።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሰው 600 ሜትር ያህል እንደወጣ የሁለቱን ከተሞች ከፍታ ቀንሶ መናገር ይችላል፤ መንገዱ ከሞላ ጎደል ዳገት ነውና። ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም። ሰው 12 ሜትር ወጥቶ 12 ሜትር ቢወርድ፣ ይህንንም አምስት ጊዜ ቢደጋግም፣ ቅናሹ ዜሮ ይላል፤ እግሩ ግን 60 ሜትር ወጥቷል።

የሞባይል ጂፒኤስ ለርቀት ደኅና ነው፤ ከፍታ ላይ ግን ቁጥሩ ይዋልላል። ያ መዋለል ሁሉ ሲደመር ሰው ያልወጣውን ተራራ ያስወጣዋል። የሚሻለው የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር ነው፤ አንዳንድ ስልኮችም በውስጣቸው አላቸው። በቆላ አገር በየ9 ሜትሩ ገደማ ግፊቱ አንድ ሚሊባር ይቀንሳል። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ግፊቱ በራሱ ጊዜ ሁለት ሦስት ሚሊባር ይወርዳል። ስለዚህ ቁጭ ያለ መሣሪያ ሃያ ሜትር ያህል የወጣ ይመስለዋል።

መድኃኒቱ ከጥንት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ፍሎሪን ፔሪዬ በሚስቱ ወንድም በብሌዝ ፓስካል አሳብ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ሲወጣ፣ ሌላውን ቱቦ አንድ መነኩሴ ከታች ሆኖ እንዲጠብቀው አድርጎ ነበር። የታችኛው ቱቦ ስላልተለወጠ፣ የላይኛውን የለወጠው ከፍታው መሆኑ ታወቀ። እኛም አንዱን ስልክ መጋዘኑ ደጃፍ ካንድ ልጅ ጋር ትተን፣ ሌላውን ይዤ ነዳሁ። ሁለታችንም በየደቂቃው ጻፍን፤ ማታ አቀናነስን። ከሁለት ሜትር በታች የሆነውን ውጣ ውረድ አልቆጠርንም።

ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ሆነ። የመውጫው ድምር 84 ሜትር፣ የመውረጃው 83 ሜትር መጣ። መነሻውና መድረሻው እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ሁለቱ ድምሮች መቀራረብ አለባቸው፤ ስለዚህ ሂሳቡ ራሱን መሰከረ። «የምን ዳገት?» ለተባለውም መልሱ ይኸው ነው፦ በአንድ ጉዞ 84 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 167 ሜትር።

ወረቀቱን ለአሠሪያችን ሰጥተነዋል። ርቀቱን ተቀብሏል፤ ስለ ዳገቱ «አስብበታለሁ» ብሏል። እናንተ በሌሎች መንገዶች የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶችም የየመንገዳችሁን ለክታችሁ ለዚህች ጽሑፍ አዘጋጆች አድርሱ። የአንድ መንገድ ቁጥር በቀላሉ ይታለፋል፤ የዐሥሩ ግን አይታለፍም።