ዓሣ ዓሣ የሚሸቱ ጀግኖች

«የናቁት ወንድ ያስረግዛል» ይላል የአገራችን ሰው። አትሳቁ! ዛሬ ይህን ተረት ያመጣሁት ስለ ፍቅር ጉዳይ ላወራችሁ አይደለም። ስለ መርከብ ነው። ያውም ስለዛገ፣ የከሰል ጭስ ስለጠገበ፣ ሽታው ከሩቅ ስለሚጣራ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ! ገጹን ለመግለጥ እጃችሁ ሲነሳ ታየኝ... ግዴላችሁም፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው አብሮ አደጌን ልጠይቅ እንግሊዝ አገር የሄድኩ ጊዜ ነው። ልጁ የሚኖረው ሃል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከለንደን በባቡር ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይኬዳል። ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ስንተቃቀፍ ታዲያ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ዳበስ አደረገው። ዝም አልኩ። ማታ ቤቱ ሻይ እየጠጣን ራሱ አነሳው።

«አሸተትከኝ አይደል?» አለኝ።

ለካስ ልጁ የሚሠራው ዓሣ እየተበለተ በሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ነው! አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ግን «ልጄ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኗል» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። «አደራህን፣ ለእማዬ እንዳትነግራት» ብሎ አስማለኝ። ሎሚ፣ ሳሙና፣ ሽቶ... ያልሞከረው ነገር የለም። ሽታው ግን ከእጁ ይልቅ ልቡ ላይ ነው የተጣበቀው።

በማግስቱ የእረፍት ቀኑ ነበር። «እዚህ ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብለው «ምንም» አለኝ። ሦስት ዓመት ኖሮባት! እንግዲያው በእግራችን እንዙር ተባባልንና ሄስል ሮድ ወደሚባለው የድሮ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አመራን።

እዚያ መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሐውልት ቆሟል። ጄኔራል አይደለም፣ ንጉሥም አይደለም። አንድ እጁን ወደ ላይ ያነሳ ዓሣ አጥማጅ ነው። የቆመው በ1906 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ቆመን ስናየው አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን እየጎተቱ ጠጋ አሉንና ታሪኩን ያወሩልን ጀመር።

በኦክቶበር 1904 የሩሲያ የጦር መርከቦች ከጃፓን ጋር ሊዋጉ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይጓዙ ነበር። ሰሜን ባሕር ላይ በሌሊት መረባቸውን ጥለው ከሚሠሩ የሃል ዓሣ አጥማጆች ጋር ተገናኙ። የጃፓን የጦር ጀልባዎች መሰሏቸው። ከዚያማ ምን ይጠየቃል... ተኩስ! «ክሬን» የምትባለው መርከብ ሰመጠች፣ ካፒቴኗና አንድ ባልደረባው ሞቱ። ጃፓን የት፣ ሰሜን ባሕር የት! ሐውልቱ የቆመው ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ነው። የሚገርመው ግን ወዲህ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ እነዚያው የዓሣ መርከቦች የእውነት የጦር መርከብ ሆነው አረፉት።

ሽማግሌው ወሬ ወዳድ ናቸው። ብርዱም ጠንቶ ስለነበር አንድ ዓሣና ድንች ጥብስ የሚሸጥበት ቤት ገብተን ተቀመጥን። እሳቸው ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው በእንፋሎት በሚሄድ መርከብ ተሳፍረው ባሕር የወረዱ ናቸው። አባታቸውም፣ አያታቸውም እንዲሁ።

በድሮ ጊዜ ዓሣ የሚጠመደው በሸራ ጀልባ ነበር። ነፋስ ከሌለ ሥራ የለም። በ1881 እዚሁ ሃል ላይ «ዞዲያክ» የምትባል፣ በእንፋሎት ሞተር እየሄደች መረብ የምትጎትት መርከብ ተሠራች። ከዚያ ወዲያ ነፋስን ማን ይለምነዋል! ከሰል ይጨመራል፣ ቦይለሩ ይፈላል፣ ሞተሩ መርከቧን ይነዳል፣ በዚያው እንፋሎት የሚዞረው ዊንች ደግሞ ከባዱን መረብ ከባሕር ወለል ይጎትታል። ሌሎቹ ድሪፍተር የሚባሉት ግን አይጎትቱም። መረባቸውን ውሃው ውስጥ እንደ መጋረጃ ዘርግተው ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ መጥቶ እስኪገባላቸው ይጠብቃሉ።

ሥራው ግን... አያድርስ ነው። ከታች አንዱ እሳት ፊት ቆሞ ከሰል ይዝቃል፣ ከላይ ሌላው በበረዶ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ይዘረግፋል። በክረምት ወደ ሰሜን ሲዘልቁ መርከቧ ላይ የሚረጨው ውሃ እዚያው በረዶ ሆኖ ይጋገራል። በመጥረቢያ እየፈለጡ ካልጣሉት ክብደቱ መርከቧን ይገለብጣታል። ደመወዙም ከዓሣው ሽያጭ በሚገኝ ድርሻ ነው። ዓሣው ካልተሸጠ ወይም ዋጋው ከወደቀ ሦስት ሳምንት ሞት ሲሸሹ ከርመው ባለ ዕዳ ሆነው ይመለሳሉ!

ከቀናቸው ደግሞ ሌላ ነው። ወደብ ላይ የሚቆዩት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ሽክ ብለው፣ ታክሲ ቀኑን ሙሉ ኮንትራት ይዘው፣ መጠጥ ቤቱን በሙሉ ሲጋብዙ ይውላሉ። ከተማው «የሦስት ቀን ሚሊየነሮች» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ኪስ ባዶ፣ ጉዞ ወደ ባሕር! ሚስቶቻቸው በዚያ ቀን ልብስ አያጥቡም። ያጠቡ እንደሆነ ባላቸውን ባሕር አጥቦ የሚወስደው ይመስላቸዋል። ይህን ሲነግሩን ሽማግሌው አልሳቁም። በዘመናት ውስጥ ከዚህች አንዲት ከተማ ወጥተው ባሕር የበላቸው ሰዎች ወደ 6,000 ይጠጋሉ።

«ቫዮላ» ስለምትባለው መርከብ ሲያነሱ ግን ፊታቸው በራ። በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥም ታሪኳ ጉድ ሆኖ አገኘሁት። የተሠራችው ያ ሐውልት በቆመበት በ1906፣ ከሃል ትንሽ ራቅ ብላ ባለችው ቤቨርሊ ነው። የቤቨርሊ ወንዝ ጠባብ ስለሆነ መርከቦቹን ወደ ውሃ የሚለቋቸው በጎናቸው ነበር። ባለቤቶቿ መርከቦቻቸውን ሁሉ በሼክስፒር ገጸ ባሕርያት ስም የሚጠሩ ነበሩ። ዓሣ እየሸተቱ ሼክስፒር!

ቫዮላና ጓደኞቿ ሳምንታት ሙሉ ባሕር ላይ ይቆዩ ነበር። የተያዘው ዓሣ በሣጥን ሆኖ በትንንሽ ጀልባ እየተቀዘፈ ወደ ለንደን ገበያ ወደሚበርረው ፈጣን መርከብ ይሻገራል። በዚያ ማዕበል ላይ! ስንቱ ወጣት ለአንድ ሣጥን ዓሣ ብሎ በሁለቱ መርከቦች መካከል ቀርቷል።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንግባ። በ1907 አንድ የእንግሊዝ አድሚራል ከሃል ማዶ ያለችውን ግሪምስቢን ሲጎበኝ አንድ ነገር ልብ አለ። ጠላት ባሕር ውስጥ ፈንጂ ቢቀብር ማን ይጠርገዋል? መርከብ እያሽከረከረ ከባድ ነገር ከባሕር ወለል መጎተት እንደ ዓሣ አጥማጅ የሚችል ማን አለ? ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘና በ1910 የዓሣ አጥማጆች ተጠባባቂ ኃይል ተቋቋመ። ያ ሁሉ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፋቸው ሰዎች ተፈለጉ ማለት ነው!

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ መርከቦቹ ከነሠራተኞቻቸው ተጠሩ። እስከ መጨረሻው ከ2,000 በላይ የዓሣ መርከቦች ዘምተዋል። ሥራው ያው የለመዱት ነው። ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው የብረት ገመድ ይጎትታሉ። ገመዱ ፈንጂው የታሠረበትን ሽቦ ይቆርጠዋል፣ ፈንጂው ብቅ ሲል በጠመንጃ ይመቱታል። ልዩነቱ ትንሽ ነች። ዓሣው ሲያመልጥ ገንዘብ ይቀራል። ፈንጂው ገመዱን አምልጦ መርከቧን ካገኛት ግን ሰው ይቀራል።

ከሁሉ የገረመኝ የኦትራንቶው ነው። ኦትራንቶ በጣሊያንና በአልባንያ መካከል ያለ የባሕር መተላለፊያ ነው። የጠላት ሰርጓጅ መርከቦች እንዳያልፉ ድሪፍተሮቹ የብረት መረብ ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። ዓሣ ቀረና ሰርጓጅ መርከብ ማጥመድ! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው። ሜይ 15 ቀን 1917 ሦስት የኦስትሪያ‑ሃንጋሪ የጦር መርከቦች ድንገት መጥተው ሠራተኞቹን «መርከቡን ልቀቁ» አሏቸው። «ጎዋንሊ» የምትባለው ድሪፍተር ካፒቴን፣ አንድ ስኮትላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ፣ እምቢኝ አለ። ያቺን ትንሽ መድፉን አነጣጥሮ፣ ሞተሩን በሙሉ ኃይሉ አስነስቶ ወደ ግዙፉ የጦር መርከብ ገሰገሰ! መርከቡ ተመታች፣ ግን አልሰመጠችም። የቆሰሉ ጎረቤቶቹንም ዞሮ ረዳ። በዚያች ቀን ከ47 ድሪፍተሮች 14ቱ ሰመጡ። ሰውየው የእንግሊዝን ከፍተኛውን የጀግና ሜዳልያ ተሸለመ። ከዚያስ? አገሩ ተመልሶ ሄሪንግ ማጥመዱን ቀጠለ። ስለዚያች ቀን ማውራትም አይወድም ነበር ይባላል።

የእኛዋ ቫዮላም አልተቀመጠችም። በ1918 ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሁለት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በሰመጡባቸው ዘመቻዎች ተካፍላለች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪኩ ተደገመ። የሽማግሌው አባት የዘመቱት ያኔ ነው። የዚህ ኃይል ማዕከል በምሥራቅ እንግሊዝ ባለችው ሎውስቶፍት ከተማ የሚገኝ «የድንቢጥ ጎጆ» የሚባል መናፈሻ ነበር። ሙዚቃና ቲያትር ይታይበት የነበረ ቦታ! ሌላው ባሕርተኛ በአንድ የቀልድ ተዋናይ ስም እየጠራ ያሾፍባቸው ነበር። ዛሬ እዚያው ከተማ በ1953 የተመረቀ መታሰቢያ አለ። ላዩ ላይ 2,385 ስም ተጽፏል። ሁሉም መቃብራቸው ባሕር የሆነ ናቸው። የሽማግሌው አባት ስም የለበትም፣ በሕይወት ተመልሰዋልና። ሲመለሱም ወዲያው ዓሣ ወደማጥመዳቸው ነው የሄዱት። ሽማግሌው አባታቸውን ስለ ጦርነቱ ጠይቀው አያውቁም። ልጅ እያሉ ፈሩ፣ ጎልማሳ ሲሆኑ ጊዜ አጡ፣ ጊዜ ሲያገኙ አባት የሉም። ይህን ሲናገሩ ሻያቸውን አማሰሉት፣ ስኳር ግን አልጨመሩበትም ነበር።

ቫዮላ የት ደረሰች ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ከጦርነቱ በኋላ ለኖርዌይ ሰዎች ተሸጠች፣ ስሟም ተለወጠ፣ በአፍሪካ ዳርቻ ዓሣ ነባሪ አሳደደች። በ1927 በደቡብ አትላንቲክ ወዳለችው ሳውዝ ጆርጂያ የምትባል በረዷማ ደሴት ሄደች። ሥራው ሲዘጋ እዚያው ተተወች። በ1974 በታሰረችበት ሰመጠች። በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ደሴቲቱ ላይ ተኩስ ሲነሳ እሷ እዚያው ወደብ ውስጥ ተኝታ ነበር። በ2004 ከውሃው አነሷት። የእንፋሎት ሞተሯ ዛሬም ሆዷ ውስጥ አለ! የሃል ሰዎች ወደ አገሯ ሊመልሷት ለዓመታት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆይተዋል። ለምን ቢባል... ዘመድ ነቻ!

ልንሰነባበት ስንል ሽማግሌው ወደ ጓደኛዬ ዞረው «አንተስ ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉት። ልጁ ቀላ። እኔን አየኝ፣ መሬቱን አየ፣ በመጨረሻ «ዓሣ ፋብሪካ» አለ፣ ድምፁ ሳይሰማ።

ሽማግሌው ተስተካክለው ተቀመጡ። በ1968 መግቢያ በሳምንታት ውስጥ ሦስት የሃል ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ጠፍተው 58 ሰዎች አለቁ። ያኔ የዚህ ሰፈር ሴቶች ሻሻቸውን አስረው ወጡ። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ለንደን ድረስ ሄደው ሚኒስትሮችን አነጋገሩ፣ «መርከብ ያለ ሬዲዮ ሠራተኛ አይወጣም» አሉ። የጠየቁት ተፈጸመላቸው። ስንቱ ልጅ በእነሱ ምክንያት ተረፈ! የሴቶቹ መሪ ማን ነበረች መሰላችሁ? ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ የምትበልት ሴት ነበረች።

ጓደኛዬ ምንም አላለም። ወደ ቤት ስንመለስ ዝም እንዳለ ነው። ማታ ግን ስልኩን አንስቶ ወደ አዲስ አበባ ደወለ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን የማጥብ መሰልኩ፣ ጆሮዬ ግን እዚያው ነበር። «እማዬ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሽ ነበር» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ የእናቱን መልስ እኔም ሰማሁት።

«እጅህን አይበርድህም ወይ የኔ ልጅ? ጓንት ይሰጧችኋል?»

በሉ እንግዲህ ወጣቶች፣ እኔ ምክር አላበዛም። ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ ሻይ አፍሉላቸውና ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠይቋቸው። በኋላ ሳይሆን ዛሬ። የእናንተንም ሥራ ለሚወዷችሁ በስሙ ጥሩላቸው። ሰላም ሰንብቱ!